ቀጭን ውኃ አፋፍ ላይ የተቀመጡት ሴቶች

ላሟ ዳልቻ የሞተችው ማክሰኞ ጧት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሣር ሲያቀርቡላት አፍንጫዋን እያዞረች፣ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ስትተኛ ስትነሣ ቆይታ፣ በአራተኛው ቀን በረቱ ደጃፍ ላይ ተዘርራ ተገኘች። የሰባት ወር ጥጃ በሆዷ ነበር። ሳይታረድ የሞተ ከብት በክት ነውና ሥጋዋን የሚነካ የለም። ቆዳዋ ግን ለጠፍር ይሆናል ብሎ የሸጊቱ ባል ደርቤ ቢላዋውን ስሎ መግፈፍ ጀመረ።

ሸጊቱ የላሟን እግር ይዛለት ነበር። ጨጓራው ጋ ሲደርስ ቢላዋው ስቶ ቀደደው፤ ፈርስ ይፈስሳል ብለው ሁለቱም ወደ ኋላ ሸሹ። ፈርስ አልፈሰሰም። አንድ ጥቁር ነገር እንደ ገመድ ተጥመልምሎ ብቅ አለ። ደርቤ በቢላዋው ጫፍ ሳበው፤ ፌስታል ነው። በእሱ ላይ የተቋጠረ ሌላ ፌስታል፣ ከዚያ የጆንያ ክር፣ የብስኩት ላስቲክ፣ የኮንጎ ጫማ ማሰሪያ ተከተለ። ስቦ ስቦ አላልቅ ሲለው ቢላዋውን ጥሎ ቁጢጥ አለ።

«ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው የከረመች?» አለ።

ከየት እንደመጣ ሁለቱም ያውቁታል። ምንጭ አፋፍ ከሚባለው ቀበሌያቸው በላይ፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጽድ ገበያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አስፋልት ከደረሰላት ወዲህ ሱቋም ምግብ ቤቷም በዝቷል፤ ቆሻሻዋም እንደዚያው። ቅዳሜ ገበያ ይውላል፤ ሰኞ የከተማዋ ትራክተር የተጠራቀመውን ጭኖ ይመጣና ቀጭን ውኃ ከሚባለው ወንዝ አፋፍ ላይ ይገለብጠዋል። ምንጭ አፋፍ የሚጠጣው ያንን ወንዝ ነው። በበጋ ሣሩ ሲያልቅ ከብቱ አፋፉን ይለቅማል፤ ጨው የቀመሰ ፌስታል ለላም ይጣፍጣታል።

ሸጊቱ ሁለት ጊዜ በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ ተናግራለች። አንዴ «አጀንዳ አይደለም» ተባለች። ሌላ ጊዜ «ተይዟል» ተባለች። የት እንደተያዘ ግን እስከዛሬ ያየው የለም።

«ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበረው» አለ ደርቤ።

«የለም» አለች። ለምን እንደሆነ ራሷም በውል ሳታውቀው ጆንያ አምጥታ ያንን ጉድ አንድ በአንድ ከተተችውና ከበረቱ ማገር ላይ ሰቀለችው።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ሊያልቅ ሰሞን ነው። በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ ከየልማት ቡድኑ አንዳንድ ሰው ጽድ ገበያ አዳራሽ ለሥልጠና ይውጣ ተባለ። ሸጊቱ የቡድን መሪ ስለነበረች ሄደች። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ጨርቅ ተወጥሯል፤ «የባሕር ሀብት ጥበቃ፣ የአየር ንብረት ለውጥና የቆሻሻ ቅነሳ» ይላል። አሠልጣኟ ናዝራዊት የምትባል ከጎንደር የመጣች ወጣት ናት። ፕሮጀክተሯን ከፍታ ስለ ዓሣ፣ ስለ ዛጎል፣ ስለ ባሕር ዳርቻ ከማኑዋሏ እያነበበች ቆየች። ገበሬው ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ያዛጋል።

የድጓ መምህር የሆኑት አለቃ ዓለምብርሃን በመጨረሻ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ንግግርሽ መልካም ነው። ግን ባሕሩ የታለ? እኛ ያለነው ሰሜን ተራራ ግርጌ ነው። ጠብቁ ያልሽንን ሳናየው እንዴት እንጠብቀው?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ናዝራዊት እፍረት ያዛት። ከዚያ ማኑዋሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «አባቴ፣ የእናንተ ወንዝ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች።

«ቀጭን ውኃ? ቁልቁል ቆላ ይወርድና ተከዜ ይገባል።»

«ተከዜስ?»

«ሱዳን።»

«ሱዳን ላይ ከአባይ ጋር ይገናኛል። አባይ ግብፅን አቋርጦ ባሕር ይገባል። እዚህ ወንዝ ውስጥ የተጣለ ላስቲክ አይበሰብስም፤ ውኃው የሄደበት ይሄዳል። ባሕሩ ሩቅ ቢሆንም ውኃው የሚነሣው ከዚህ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ልጅቱ ቀጠለችና አንድ ሥዕል አወጣች። ትልቅ የባሕር ኤሊ ሆዷ ተከፍቶ ይታያል፤ ከሆዷ የወጣው ፌስታል አጠገቧ ተዘርግቷል። ሸጊቱ ከወንበሯ ብድግ አለች። መነሣቷን ያወቀችው ጎረቤቷ ጤናዬ ቀሚሷን ስትጎትታት ነው። ያንን ጥቁር ጥምልምል በገዛ እጇ ጆንያ ውስጥ ከትታዋለች። ለማታውቃት ኤሊ ከባሕር ማዶ ሰው ተቆርቁሮ ሥዕል አንሥቶላታል፤ ለዳልቻ ግን ማን?

ቤቷ እንደገባች ለደርቤ ነገረችው።

«ነገ ጆንያውን ይዤው እሄዳለሁ።»

ደርቤ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ነው፤ ደነገጠ። «አንቺ ሴት፣ ቤታችንን ልታፈርሺው ነው? የመሬት ደብተራችን ከማን እጅ ነው? ፀረ ልማት ናት ቢሉሽ ምን ልትመልሺ?»

«ላሜን የገደላት ልማት ከሆነ፣ አዎ ፀረው ነኝ እላለሁ።»

«ነገር አታብዢ።»

«ነገሩንማ ያበዙት እነሱ ናቸው፤ በየሰኞው በትራክተር እየጫኑ።»

ደርቤ ወጥቶ ሄደ። ሃያ ሦስት ዓመት አብራው ስትኖር ፊት ለፊት እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ጆንያውን ግን ከማገሩ አወረደችው።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የከተማዋ ሹም አቶ ያርጋል መዝጊያ ንግግር ሊያደርጉ መጡ። ፊታቸው ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ በተርታ ተደርድሯል። «በተለይ የገጠሩ ኅብረተሰብ አካባቢውን ከማቆሸሽ መቆጠብ አለበት» ማለት ሲጀምሩ ሸጊቱ ከኋላ ተነሥታ በመካከል መጣች። ማንንም ሳትጠይቅ የጆንያውን አፍ ፈትታ ጠረጴዛው ሥር ዘረገፈችው። ሽታው አዳራሹን ሞላው።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ያርጋል አፍንጫቸውን ይዘው።

«ትናንት ይህች ልጅ የኤሊ ሆድ አሳየችን። እኔ ደግሞ የላሜን ሆድ አመጣሁላችሁ። የኤሊዋ በሥዕል ነው፤ ይህ ግን ይዳሰሳል፤ ቀርበው ይዩት። ከላይ ያለው ፌስታል የናንተው ከተማ ሱቅ ስም አለበት።»

«እናቴ፣ ይህ ከሥልጠናው ጋር አይገናኝም። ሥልጠናው ስለ ባሕር ነው።» ወደ ናዝራዊት ዞሩ። «እንዲያ አይደለም እንዴ?»

ናዝራዊት ማኑዋሉን አነሣች። ደመወዟም ዝውውሯም በእንዲህ ዓይነት ሰዎች እጅ እንደሆነ ፊቷ ይናገራል። እንዲያም ሆኖ ገለጠችውና «ይገናኛል» አለች። «ገጽ አሥራ አራት ላይ ቆሻሻ ከመነሻው ይቁም ይላል። መነሻው እዚህ ነው።»

የአቶ ያርጋል ፊት ተለወጠ። «ሴትዮ፣ ማን ልኮሽ ነው? ከጀርባሽ ማን አለ?»

«ከጀርባዬ ያለው ቀጭን ውኃ ነው። ካላመኑኝ ወርደው ይጠይቁት።»

«ካሳ ከሆነ የምትፈልጊው ማመልከቻ አስገቢ።»

«ካሳ አልጠየቅሁም። ዳልቻ አትነሣም። ሰኞ ትራክተሩ እንዳይመጣ ነው የምል።»

«ትራክተሩ ይመጣል።»

«እንግዲያው እኔም እመጣለሁ» አለች ሸጊቱ። ባዶውን ጆንያ አጣጥፋ በብብቷ ይዛ ወጣች። የዘረገፈችውን አላነሣችውም፤ ለእነሱ ተወችላቸው።

ሰኞ ጧት አሥራ አንድ ሴቶች ወደ አፋፉ በሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። ብትመጣ ጤናዬ ብቻ ትመጣለች ብላ ነበር ሸጊቱ። በየቤቱ ግን የሞተ ጊደር፣ የከሳ በግ፣ ሆዱን የሚቆርጠው ሕፃን ነበርና፣ የአዳራሹን ወሬ ቅዳሜ ገበያ ላይ የሰሙት ተከትለዋት መጡ።

ትራክተሩ ጭነቱን ቆልሎ መጣ። ሹፌሩ ልደቱ የጤናዬ የእኅት ልጅ ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አወጣ።

«አክስቴ፣ ተነሽ እንጂ! እኔ የታዘዝሁትን ነው የምሠራ።»

«ንዳዋ!» አለች ጤናዬ እግሯን ዘርግታ። «ምን ያዘህ? በእናትህ እኅት ላይ ንዳ!»

ልደቱ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ጎማው ጥላ ሥር ተቀመጠ።

አራት ሰዓት ሲሆን አቶ ያርጋል ከሁለት ፖሊሶች ጋር ደረሱ። ተቆጡ፤ አስፈራሩ፤ ስም እንመዘግባለን አሉ። ሴቶቹ ስማቸውን ከነአባታቸው እየጠሩ አስመዘገቡ። ይህ አላዋጣ ሲል ሹሙ ደርቤን አስጠርተው ሚስትህን አስነሣ አሉት። ደርቤ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣና ሚስቱ ፊት ቆመ።

«ሸጊቱ፣ ቤትሽ ግቢ ተብለሻል።»

«አልገባም።»

ደርቤ እሷን አየ፤ ከሥሯ አፋፉን፣ ንፋስ በየቁጥቋጦው ላይ የሰቀለውን ፌስታል አየ። ከዚያ ወደ ሹሙ ዞረ። «ልካችሁኝ ነበር፤ ነገርኋት፤ እምቢ አለች። እኔም ሳስበው እውነቷን ነው።» ዱላውን ከትከሻው አወረደና ከሴቶቹ ኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሸጊቱ ዞር ብላ አላየችውም፤ ብታየው ዕንባዋ ይመጣ ነበርና በሹም ፊት ማልቀስ አልፈለገችም።

ልደቱ ትራክተሩን አዙሮ፣ ቆሻሻውን እንደተሸከመ ከተማው አደባባይ ላይ አቁሞ ቁልፉን አስረከበ። ረቡዕ ዕለት አቶ ያርጋል ብቻቸውን፣ በለሰለሰ ቃል ሸጊቱ ዘንድ መጡ። ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው ገደል እናዞረዋለን፣ እናንተን አይነካም፣ ብቻ ተስማምተናል ብለሽ ፈርሚ አሏት።

«ከማዶውስ ገደል ሥር ሰው የለም?»

«እነሱ አልጮኹም።»

«ላማቸው ገና አልሞተች ይሆናላ» አለች ሸጊቱ። «አልፈርምም።»

ሴቶቹ ቆሎና በሶ እየያዙ በተራ ተቀመጡ። ቅዳሜ ሲደርስ የቆመው ትራክተር በጽድ ገበያ መካከል ይሸት ጀመር፤ ዝንቡ ምግብ ቤቶቹን ወረረ። ከተማው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ቆሻሻ ሲያሸት ነው። ነጋዴው ተሰብስቦ የሹሙን በር አንኳኳ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ከከተማው በላይ ባለው፣ ድንጋይ ወጥቶበት በተተወ ቦታ ጉድጓድ ተቆፍሮ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጠረ። ጥሩ ሥራ አልነበረም፤ ንፋስ ሲበረታ ፌስታሉ አሁንም ያመልጣል። ወደ አፋፉ ግን ትራክተር ተመልሶ አልመጣም። ሴቶቹም ገበያ ሲወጡ ዘንቢልና ስልቻ ይዘው ይሄዳሉ፤ ነጋዴ ፌስታል ሲዘረጋላቸው «ለራስህ ከብት አብላው» ይሉታል።

ዋጋውን ከፍለውበታል። ደርቤ ከምክር ቤቱ ተነሣ፤ ሸጊቱም ከቡድን መሪነቷ ተሻረች። የቀበሌው ጸሐፊ ደብዳቤውን ሲያነብላት «ሌላ ካለ ጨምርበት» አለችው።

በጋው ሳያልቅ ናዝራዊት ከዳባት መልእክት ላከችላት፤ ለሌሎች ቀበሌዎች ሥልጠና አለ፣ መጥተው ይናገሩ አለቻት። ሸጊቱ በአውቶቡስ ሄደች። አዳራሹ በር ላይ ከረባት ያሠረ ሰው ወደ ጎን ወሰዳት። «እትዬ፣ ስለ ዘንቢሉና ስለ ጽዳቱ ብቻ ቢናገሩ ጥሩ ነው። የትራክተሩን ነገር ባያነሡት» አላት። እሷም ሰማችውና አልፋው ገባች።

መድረኩ ላይ ወጥታ ነጠላዋን አስተካከለች። የማታውቃቸው መቶ የሚሆኑ ሰዎች አፍጥጠው ያዩዋታል። ናዝራዊት ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች። «ስለ ትራክተሩ እንዳላነሣ በር ላይ ተነግሮኛል። ስለዚህ ከትራክተሩ ልጀምር።»