አጭሩ ቃል

"ሽንዲ! ሽንዲ! ቡሬ ነኝ፤ ይሰማል?" ያይኔአበባ የመገናኛ ሬዲዮውን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ጫን አድርጋ ጮኸች። ከፉጨቱ መሀል የሽንዲው ኦፕሬተር የአድማሴ ድምፅ ብቅ አለ። "ይሰማል፤ ቀጥዪ።"

ልትቀጥል ስትል በሩ ተከፍቶ አንዲት ሴትዮ ገቡ። አቧራው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል።

"ቆይልኝ" አለችው።

"ተናኜ እባላለሁ፤ ከሽንዲ ነው የመጣሁ" አሉ ሴትዮዋ። "በዚህ የምትናገሪው አንቺ ነሽ አሉኝ። ልጄን ቸኮለን፣ በርበሬ ሊሸጥ ገበያ እንደወጣ ወሰዱት። ምን ተብሎ ቢታዘዝ ነው?"

ያይኔአበባ ዓይኗን ወደ ሬዲዮው መለሰች። ትእዛዙን ያስተላለፈችው እሷ ናት። ባትሪው እየደከመ ረጅሙ ትእዛዝ ሲቆራረጥባት፣ ለየትእዛዙ አጭር ቃል ያወጣችውም እሷው ናት። ስብሰባ ይጠራ ለማለት "ደወል"፤ የገበሬ ማኅበሩ እህል ይጫን ለማለት "ጎተራ"። ወጣቶች ከገበያ ታፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ይላኩ የሚለውን ደግሞ "እሸት" አለችው። አስተዳዳሪው ጓድ ገብረሰንበት በሠራተኛው ሁሉ ፊት አመስግነዋት፣ ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ጣል አድርጋ ወደ ሻይዋ ትመለሳለች። አፏን ሞልቶ ያልወጣውን ልቧም አልሰማውም።

"እሸት ተብሎ ነው፣ እትዬ" አለች በመጨረሻ።

"እሸት?" ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩዋት። "እሸትማ የዘራ ነው የሚቀጥፈው። የኔን ማን ዘርቶት ቀጠፈው?"

ይቅር ይበሉኝ ልትል ፈለገች፤ ቃሉ ግን አነሰባት።

"አሁንስ የት አድርሰውት ይሆን?"

"ትናንት ፍኖተ ሰላምን አልፈዋል።"

"እንግዲህ አልደርስበትም" አሉና፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

እግራቸው ከመውጣቱ ጓድ ገብረሰንበት ገቡ። "ሽንዲ ተገኘ? በይ፣ ለዛሬ እሸት በይው።"

ዛሬም የሽንዲ ገበያ ነው። የአድማሴ ሬዲዮ በድምፅ ማጉያ ነው የሚናገረው፤ ገበያተኛውም ከቢሮው መስኮት ሥር ጥላው ላይ ይቀመጣል። እሸት ሲባል ቢሰማ የሚጠረጥር የለም። ሙሉውን የሰማ ግን እግሬ አውጪኝ ይላል። ይህን ያይኔአበባም አድማሴም ያውቃሉ።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉ አስተዳዳሪው።

ቁልፉን ተጫነች። "ሽንዲ፣ ትእዛዝ ተቀበል። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያሉ ወጣቶች ዛሬ ከገበያ ታፍሰው፣ በመኪና ተጭነው፣ ለውትድርና..."

"አሳጥሪው እንጂ! አብደሻል?"

ማዳመጫው አፏጨ። ከዚያ የአድማሴ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ። "ቡሬ፣ በደንብ አልተሰማም። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቼዋለሁ፤ ድገሚልኝ።"

ጓድ ገብረሰንበት ወደ ጠረጴዛው ተራመዱ። ያይኔአበባ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ቁልፉን እንደያዘች፣ እያንዳንዱን ቃል ረገጥ እያደረገች ከመጀመሪያው ጀመረች።