በአማቱ ስም የተጠራችው ዛጎል

የእህቷን ባል ገና ከተማሪነቱ ጀምሮ ትንቀው ነበር። አሁን አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ አብሯት ይሠራል፤ ሥራ ከተባለ። ከባሕር ወለል ተቆፍሮ የወጣ ጭቃ በወንፊት ያጥባሉ፤ ከዚያ በጥንት ዘመን ውሃ ላይ ሲንሳፈፉ የኖሩ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የሚያንሱ ፍጥረታትን ዛጎል በቀጭን ብሩሽ እየለቀሙ ዝርያቸውን ይለያሉ። እሷ አገላብጣ ሳታይ ትንፍሽ አትልም። የእሱ አፍ ግን ከዓይኑ ይቀድማል።

ያን ሰሞን «አዲስ ዝርያ አገኘሁ» ብሎ አሳተመ። አራት ክፍል ብቻ ያላት ሻካራ ዛጎል ናት። ስሟንም በአማቱ ሰየመው፤ በእሷው እናት ማለት ነው። እናትየው የዛጎሏን ፎቶ በትልቁ አሳትመው ሳሎን ሰቀሉ። ለመጣው እንግዳ ሁሉ «የወለድኳት እንኳ አላሰበችልኝም፤ አማቼ ግን ስሜን ከመቃብር በላይ አዋለው» ይላሉ።

ድንቄም ተመራማሪ! ቅናት ይሁን እልህ ለራሷም አልለየላትም፤ ብቻ ዛጎሏን አውጥታ በማይክሮስኮፕ አየቻት። ጫጩት አይቶ አዲስ ወፍ አገኘሁ ያለ ሰው መሰላት። እነዚህ ፍጥረታት የሚያድጉት በልጅነት ቤታቸው ላይ ሌላ ክፍል እየቀጠሉ ነው። ስለዚህ ከዚያው ጭቃ ሁሉም የሚያውቀውን አንድ የጎለመሰ ዛጎል መረጠችና የውጭ ክፍሎቹን በመርፌ ጫፍ እንደ ሽንኩርት ላጠችው። መሐሉ ላይ ያቺው ባለ አራት ክፍሏ «አዲስ ዝርያ» ቁጭ ብላለች።

ቢሮው ገብታ ነገረችው። «ያቺ የሰየምካት ልጅ ናት። ስታድግ ድሮ ስም የወጣላት ዝርያ ናት።»

ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። «ጠርጥሬ ነበር» አለ።

«ጠርጥረህ ነበር?»

«ታዲያ ማን ተጎዳ? እማማ ደስ አላቸው። አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምትንቀው ደንቆሮ ነው ብላ ነበር። ለካ ደንቆሮ እንኳ አልነበረም።

ስህተቱን የሚያርም ጽሑፍ አዘጋጅታ ወደ መጽሔቱ ከመላኳ በፊት እናቷ ጋ ሄዳ ሁሉንም አስረዳች። እናትየው ሰሟትና፣ «ከዚያ ሁሉ ጭቃ መሐል ያስጠላሽ የኔ ስም ብቻ ነው?» አሏት።

«እማዬ፣ ውሸት ነው እኮ።»

«እኔ ውሸት አልኩ? ከሱ ጋር ያለሽን ከሱ ጋር ጨርሺ።»

እንዲያም ሆኖ ጽሑፉን ላከችው። የዛጎሏ አዲስ ስም ተሰረዘ፤ የቀድሞው ስም ጸና። እህቷ ስልክ ደውላ አፏ እንዳመጣላት ሰድባት ዘጋችባት።

በተከታዩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የእህቷ ባል ዓይኑን በጨው አጥቦ መድረክ ወጣ። እሷ ዛጎሉን ስትልጥ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች በተራ እያሳየ፣ «ላቦራቶሪያችን ባደረገው ጥንቃቄ የተሞላበት ምርመራ...» ይል ጀመር። አዳራሹ አጨበጨበ። አማቻቸው ጋብዟቸው ፊት ለፊት የተቀመጡት እናቷ አጠገባቸው ወዳሉት ሰዎች ጠጋ ብለው፣ «አያችሁልኝ? ስህተቱን በገዛ እጁ የሚያርም ትልቅ ሰው!» አሉ።

እሷም አጨበጨበች፤ በሁለት ጣት።