በየት ገባሽ?

መምህርቷ እንደ ወትሮዋ ማልዳ ተነሳች። መጋረጃውን ገለጠች፣ አልጋውን አነጠፈች፣ ሻይ ጣደችና ውኃው እስኪፈላ ድረስ መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ወለወለች። ቅዳሜ ስለሆነ የምታስተምረው ክፍል የለም። ልጇ ጸጉሯን እየጠቀለለች ከመኝታ ቤት ወጣችና ሻይዋን ቆማ እየጠጣች ያንኑ ነገር ደግማ አነሳችባት።

ነገሩ መሳቢያ ውስጥ ያለ ፍላሽ ነው። ባሏ ታሞ በተኛበት የሠራው የመጨረሻው ፕሮግራም እዚያ ውስጥ አለ። ከቀብሩ ወዲህ አልነካችውም።

«እማዬ፣ ፍላሽ እንዲሁ ሲቀመጥ ይበላሻል እኮ። ካልከፈትሽው ራሱ ይጠፋል» አለቻት ልጇ።

መምህርቷ ይህን አላጣችውም። ከከፈተችው ደግሞ እሱ ሠርቶት እሷ ያላየችው ነገር ከዚህ በኋላ አይኖርም። በሁለት ልብ የከረመችው በዚህ ነው።

ባሏ የሰው ፕሮግራም ሰብሮ በመግባት ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነበር። ቀዳዳውን ሌባ ሳያገኘው ቀድሞ አግኝቶ ለባለቤቶቹ ይነግራል። በተጋቡ ሰሞን እሷ ሒሳብ ለተማረ ሰው ይሄ ምን ያቅታል ብላ ብትኩራራበት፣ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ ሰጣት። እሱ የጻፈውን፣ ሰው የሚያነበውን ጽሑፍ አላሳያትም። ያላት ማሽኑ የሚያነበው ደረቅ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ከዚያ ተነስታ የእሱን ሐሳብ ወደ ኋላ መፍታት አለባት። ሳምንቱን ሙሉ ፊቷን ከሰል አስመስላ ሰነበተች። በመጨረሻ አዘነላት።

«ከእምቢታው ጀምሪ» አላት። «አይሆንም የሚልሽን ቦታ ፈልጊ። ከዚያ፣ ወደዚያ ቦታ ማን እንደላከሽ እያየሽ ወደ ኋላ ተመለሺ።»

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ጠዋት አዲስ ፕሮግራም ከሻይ ብርጭቆዋ አጠገብ ይጠብቃት ጀመር። በከፈተችው ቁጥር የባሏ ጥያቄ አንድ ነው፤ በየት ገባሽ? ሆን ብሎ በተወላት ቀዳዳ ከገባች ይስቃል። እሱ በማያውቀው ከገባች ግን ያኮርፋል፤ ምሳ ላይ እንኳ ምግቡን እየቆነጣጠረ ቃል አይተነፍስም። ከሰዓት በኋላ ለዘመድ ሁሉ እየደወለ «ሚስቴ የለየላት ሌባ ሆናለች» እያለ ይኩራራል። እናቱ ይህን ሰምተው ለጥየቃ የመጡ ቀን ቦርሳቸውን ከጉያቸው ሳያወጡ ዋሉ።

ልጇ ወጥ ቤት ስትገባ መምህርቷ ፍላሹን ከመሳቢያው አውጥታ ኮምፒውተሯ ላይ ሰካች።

«አይሆንም። ሻይሽን ጨርሺና ተመለሺ» አላት ፕሮግራሙ።

ፈገግ አለች። ከእምቢታው ጀምራ ወደ ኋላ ስትሄድ ልማዱን ሁሉ አገኘችው፤ ለማደናገር መሐል ላይ የሚሰነቅረውን የማይረባ ትእዛዝ እንኳ አልተወም። ዋናው በር ለሒሳብ አስተማሪ የታሰበ ረጅም ስሌት ነው። እሱን ልትጀምር ስትል ዓይኗ ሌላ ነገር ላይ አረፈ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ስም ይጠይቃል፤ ለስሙ የተተወው ቦታ ጠባብ ነው፤ የሚገባው ፊደል ግን አይለካም። ስሙ ከረዘመ ሞልቶ ይፈስና ከጎኑ ያለውን፣ ትግባ ወይስ አትግባ የሚለውን ውሳኔ ይሸፍነዋል፤ ያኔ በሩ ይከፈታል። የጀማሪ ስህተት ነው፤ እሷ ራሷ ለመሥራት ስትሞክር ስንቴ ተቆጥቷታል በዚህ። ወጥመድ መስሏት ዙሪያውን ፈተሸች። አልነበረም። ሌላው ቦታ ሁሉ በጥንቃቄ ተለክቷል። እዚህ ላይ እጁ ደክሞት አልፎታል።

ተነስታ ብርጭቆዋን አጠበች። አንዴ ያጠበችውን ደግማ አጠበችው። ከዚያ ተመልሳ የእሱን፣ የራሷንና የልጃቸውን ስም አያይዛ ጻፈች።

«ገባሽ። በየት?» አላትና ተዘጋ።

ልጇ ከወጥ ቤት ሆና ተከፈተ ወይ አለቻት።

«ተከፈተ።»

«ምን ይላል?»

«እንደ ወትሮው ነው» አለች መምህርቷ። አባቷ የደከመበትን ቦታ አልነገረቻትም። ፕሮግራሙንም ስሌቱን ሳትፈታ ወደ ኮምፒውተሯ ገልብጣ አስቀመጠችው፤ እሱ የተወላት በር ተዘግቶ ይቆይ።

ምሳ ቀረበ። የገባችው እሱ በማያውቀው በኩል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ግን የሚያኮርፍ ሰው አልነበረም።