የራሷን ረቂቅ የጣለች እጅ

አክስቴ የራሷን ረቂቅ ሕግ ተቃውማ ድምፅ የሰጠችው ረቡዕ ከምሳ በፊት ነው። ሠላሳ ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ምክር ቤት ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ የቢሮዋ ረዳት ነኝ። በየሦስት ወሩ የትኛው ሕግ እንደጸደቀ፣ በጀቱ የት እንደደረሰ ለመራጮቿ የሚላከውን ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነኝ። ረቂቁ ከሐዲዱ ማዶ ላለው ሰፈር የአምቡላንስ ጣቢያ እንዲቆም በጀት የሚመድብ ነበር።

አፈ ጉባኤው ሁልጊዜ «የሚደግፉ» ብለው ነው የሚጀምሩት። የዚያን ቀን ሃያ አራት ጉዳዮች በዚሁ ቅደም ተከተል አለፉ። ከዚያ ስልክ ሊያነጋግሩ ወጡና ምክትላቸው ወንበሩን ያዙ። ምክትሉ ደግሞ የሚቃወሙትን ያስቀድማሉ። አክስቴ የበጀት ሰንጠረዡ ላይ አቀርቅራ ገጽ ስታገላብጥ ነበር፤ እንደለመደችው በመጀመሪያው ጥሪ እጇን ሰቀለች። ሠላሳ ስድስት ለሠላሳ አምስት፣ ረቂቁ ወደቀ። ቀና ስትል ግራና ቀኝ ያሉት አፍጥጠውባታል።

«ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ የኖርኩ ሴትዮ፣ እጄ ጉድ ሠራኝ» አለችኝ ወደ ቤት ስንሄድ።

ሐሙስ ጠዋት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ቢሯችን መጣ። የእሱ ማኅተም ያላረፈበት ሪፖርት ከሕንፃው አይወጣም። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የተከበሩ፣ አይጨነቁ። ከቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ጋር ተነጋግሬያለሁ። በድምፅ አሰጣጡ ጊዜ ከአዳራሹ ውጭ ነበሩ ተብሎ ይታረማል። ሠላሳ አምስት ለሠላሳ አምስት ይሆናል፤ እኩል ከሆነ ያው ወድቋል። ስምዎ ግን አይነሳም። ሪፖርቱ ላይ ልጅቷ “በሂደት ላይ ነው” ብላ ትለፈው።»

«ልጅቷ እዚሁ ናት» አልኩት።

«በሂደት ላይ» እኛ ሕንፃ ውስጥ የመቃብር ስም ነው። ባለፈው ሪፖርት አራት የሞቱ ረቂቆችን በዚህ ቃል የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አውቀዋለሁ። አክስቴ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየች። ምርጫው ስምንት ወር ነው የቀረው። ልትስማማ ነው ብዬ ፈራሁ፤ የአሠራር ደንቡን ከመሳቢያ አወጣሁና ሌሊቱን ሳነበው ያደርኩትን አንቀጽ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ የወደቀ ረቂቅ እንደገና እንዲታይ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ መጠየቅ የሚችለው ካሸነፈው ወገን ጋር ድምፅ የሰጠ አባል ብቻ ነው።

«ያሸነፉት እኮ አይጠይቁም» አለ ኃላፊው።

«አንዷ ትጠይቃለች። አክስቴ፣ ከአሸናፊዎቹ አንዷ አንቺ ነሽ። ውጭ ነበርኩ ካልሽ ግን አይደለሽም።»

«ያ አንቀጽ ሐሳቡን ለለወጠ ሰው ነው፤ ለተሳሳተ አይደለም!»

«የት ላይ ተጽፏል?»

ደንቡን ነጥቆኝ ገለጠ፤ አላገኘም። ወደ አክስቴ ዞረ። «የተከበሩ፣ ተቃዋሚ ተብለው በመዝገብ ይቀራሉ። ተቀናቃኝዎ ፖስተር ላይ ነው የሚያወጣው።»

«ያውጣው። ፎቶዬን ግን ደህናውን ይምረጥ በለው።» ከወንበሯ ተነሳች። «አዳራሽ ውስጥ የነበርኩትን ውጭ ነበረች ልታስብል? አንተን ሳዋልድህ እንኳ እንዲህ አላስቸገርከኝም።»

የኃላፊው ጆሮ ቀላ።

«ጻፊ» አለችኝ። «ረቡዕ ዕለት የአምቡላንስ ጣቢያችሁን የጣለው ድምፅ የእኔ ነው። ጥሪውን ሳላዳምጥ እጄን አነሳሁ። ማንም አላሳሳተኝም። ረቂቁ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት እንደገና እንዲታይ ጠይቄያለሁ።»

«ያለፈው ሩብ ዓመት አራቱስ?»

«ሞተዋል በያ። የሞቱበትን ቀንም ጻፊ።»

«ይሄን አላትምም» አለ ኃላፊው።

«እንግዲያው በአፌ ይወጣል። አፌ ላይ የምታትመው ነገር የለህም።»

ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር ተቀበልኩ። አርብ ጠዋት ሐዲዱ ማቋረጫ ላይ ወሰደችኝ። ባቡር ሲመጣ አግዳሚው ብረት ይወርድና ሰፈሩ በሙሉ ሃያ ደቂቃ እዚያ ይገተራል። የሚሸሽ አድማጭ የለም። የጎማ ጠጋኝ ሳጥን ላይ ቆማ ሪፖርቱን ማንበብ ጀመረች።

ከዚያ አንድ ጭነት ያዘለ ሰውዬ ጮኸ፦ «እማማ፣ ደሞዝ የሚከፈልሽ እኮ ለዚያች እጅ ነው!»

«እሱስ እውነት ነው» አለችው።

«እኛን ወክለሽ ነው እኛን የጣልሽን?»

«አዎ። በራሴ እጅ።»

አንዲት እርጉዝ፣ ሆዷ ላይ የአትክልት ቅርጫት ደግፋ ወደፊት ተጠጋች። አልሳቀችም። «አሁን ይሄንን ለምን ትነግሪናለሽ? ዝም ብትይ ማን ያውቅ ነበር?»

«ዝም ካልኩ ማክሰኞ የለም። ረቂቁ እንደገና ይታይ ማለት የሚችለው የጣለው ሰው ብቻ ነው።»

ሴትዮዋ አየቻት። «ስንት ሰው ያስገባል አዳራሹ?»

«ፎቁ ላይ ለሕዝብ መቶ ሃያ ወንበር አለ። መታወቂያ ያዙ። አስፈቅዱ ካሏችሁ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ደንቡን ይቺ ታነብላቸዋለች።»

ባቡሩ አለፈ፤ ብረቱ ተነሳ። ከኋላ ያለ ሹፌር ጥሩምባውን ለቀቀው። መንገዱ ላይ የቆመው ሰው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ማን ማክሰኞ ከሥራ እንደሚቀር መከራከር ጀምሯል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት!» አለች አክስቴ ለሹፌሩ፣ ወረቀቱን እያገላበጠች። «በጀቱ ጋ ገና አልደረስኩም!»