ከመጋረጃው ወዲህ

«ታማሚው ቀዶ ጥገናውን አልፈልግም ብለዋል» ይላል ወረቀቱ። ሜሌሴኒ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ወንድሟ ሰሚሲ በዕድሜው ሐኪም ፊት «አልፈልግም» ብሎ አያውቅም። ለሐኪም፣ ለሰባኪ፣ ለአለቃ «አዎ» ነው የሚባለው፤ ሌላው ብልግና ነው። ጠዋት ሐኪሙ በእንግሊዝኛ «እግርዎ አይቆረጥ ነው የሚሉት?» ብሎ ጠየቀው። ቋንቋውን የማያውቀው ሰሚሲም ራሱን ነቀነቀና «አዎ» አለ። ጽፈው፣ ፈርመው፣ ሄዱ።

ሜሌሴኒ በደቡብ ኦክላንድ የቶንጋዎች ማኅበር መሪ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚሁ ሆስፒታል የስብሰባ ጠረጴዛ ደብድባለች፤ የእኛ ሰው ራሱን ነቀነቀ ማለት ገባው ማለት አይደለም፣ አስተርጓሚ አምጡ ብላ ጮኻለች። ሻይና ብስኩት ሰጧት። አመስግነው ፎቶግራፍ አነሷት። አስተርጓሚው ዛሬም የሚመጣው ነገ ነው፤ በስልክም አልተገኘ። የቀዶ ጥገና ክፍሉ ደግሞ ከአሥር ሰዓት በኋላ ለሌላ ሰው ተይዟል።

«እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ፣ ቋንቋውን ይችላሉ» አላት ወጣቱ ሐኪም። «ከራሳቸው አንደበት ካልሰማሁ ግን ቢላዋ አላነሳም።»

ይችላሉ! በቶንጋ ወግ ስለ ወንድሟ ገላ እኅት አታወራም። ሰሚሲ አሥር ዓመት ሲሞላው ከቤት ወጥቶ ከወንዶቹ ጎጆ ማደር ከጀመረ ሃምሳ ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ባንድ ክፍል ተቀምጠው ቀልድ እንኳ አልሰሙም። ሚስቱ አገር ቤት ቶንጋ ቀርታለች። አሁንም ሜሌሴኒ አልጋውን ከጋረደው መጋረጃ ወዲህ ቆማለች።

ከጎኑ ባለው አልጋ የተኛው ሽማግሌ የአገሯ ሰው ነው። «አባባ ሞሴሴ፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ» አለችው በሹክሹክታ።

«ሚኒስትር የምታንቀጠቅጪው ሴትዮ መጋረጃ ፈራሽ?» ሳቀ። «እኔም አዎ፣ አዎ ብያቸው ተኛሁ። ስነቃ አንዱ እግሬ ቀድሞኝ ሄዷል።»

ቢሆንም ነገረችው። የሰሚሲ እግር ዛሬ ከጉልበቱ በታች ካልተቆረጠ መርዙ ልቡ ይደርሳል።

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰሚሲ፣ ልጄ፣ እግርህን ትንሽ ሊያጸዱልህ ነው አሉ። አይዞህ።»

«እሺ፣ አባባ» አለ ድምፅ ከመጋረጃው ማዶ።

የሜሌሴኒ ደም ፈላ። በሐኪሞቹ ይሁን በሽማግሌው ወይስ በራሷ፣ አልለየችም። በጨዋነታችን ተገንዘን ነው የምንቀበረው፣ አለች በልቧ። መጋረጃውን ገለጠችው።

ሰሚሲ ወደ ግድግዳው ዞሮ አንሶላውን እስከ አገጩ ሳበው። እግሩ ግን ጠቁሮ፣ አብጦ፣ እውጭ ቀረ። ሽታው ወጣ። ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች።

«እግርህ ሞቷል፣ ሰሚሲ። ከጉልበትህ በታች ዛሬ ካልቆረጡት እሑድ ሬሳህን ነው የምንሸከመው። ጠዋት አዎ ያልከው አይቆረጥ ለሚለው ነው። ቁረጡም በል፣ ተዉኝም በል፤ ብቻ ገብቶህ በል።»

ከኋላዋ የቆመው ወጣቱ ሐኪም ሰዓቱን አየ። አባባ ሞሴሴ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«አባባ ሞሴሴ» አለ ሰሚሲ ከግድግዳው ሳይዞር። «ይህች ሴትዮ ማን ናት?»

ሽማግሌው መዳፉን ከፊቱ አወረደ።

«እኅቴ ብትሆን እንዲህ ያለ ነገር ካፏ አይወጣም።»

ሜሌሴኒ የአልጋውን ብረት ያዘች። ይቅርታ ልትጠይቅ፣ ተንበርክካ ልታለቅስ ትችል ነበር፤ ያኔ የሃምሳው ዓመት መከባበር ይተርፋል፣ እሱ ግን አይተርፍም።

«ምን አሉ?» አለ ሐኪሙ።

 ወደ ወንድሟ ጀርባ ቀና ብላ «አስተርጓሚ ነኝ» አለች በቶንጋ ቋንቋ።

ሰሚሲ ቀስ ብሎ ዞረ። አያት፤ መንገድ ላይ ያገኛትን ሰው እንደሚያይ አያት።

«እንግዲያው ጠይቂልኝ፣ እመቤት» አለ። «ሲቆርጡኝ እሰማዋለሁ?»