ያልታጠፈው ሚዮክ

ወንድሜ ቻንግሾብ «ሚዮኩን ጠቅልለህ በጆንያ አምጣው» ባይለኝ ኖሮ ምናልባት ጠቅልዬ በጆንያ አመጣው ነበር። ተፈጥሮዬ ነው፤ ሂድ ሲሉኝ እቆማለሁ፣ ቁም ሲሉኝ እሄዳለሁ። ሚስቴ ነፍሷን ይማርና በዚህ ጠባዬ እንዳማረረች ነው የሞተችው። በቻንግሾብ ፊት ብቻ ነበር እንደ በግ አቀርቅሬ የኖርኩት። ታላቄ ነው፣ አባታችን ሲሞት ያሳደገኝም እሱ ነው።

ልጄ ዎልሱን ሳታገባ አረገዘች። ያስረገዛት ጎረምሳ ሥራ ፍለጋ ብሎ ቡሳን ከተማ ሄደና ደብዛው ጠፋ። ሆዷ መግፋት ሲጀምር ቻንግሾብ ነገሩን ብቻውን ወስኖ ጨረሰው። ዎልሱን ከቤት አትወጣም፤ ልጁ እንደተወለደ ከከተማ ሰው መጥቶ ይወስደዋል፤ እሷም ከርማ ራቅ ያለ አገር ትዳራለች።

«ማንም ካላወቀ አልተወለደም ማለት ነው» አለኝ።

ዎልሱን አንዴ «ልጄን አልሰጥም» አለች። የመለሰላት አልነበረም። እኔም አልመለስኩላትም፤ ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኛ ዘንድ የወለደች ሴት መጀመሪያ የምትቀምሰው የሚዮክ ሾርባ ነው። ከዓለት ላይ የሚታጨድ የባሕር ቅጠል ነው፤ ደርቆ ለገበያ ሲወጣ የሰው ቁመት ያህላል። ሁላችንም በየዓመቱ በልደታችን ቀን እንበላዋለን፣ እናታችን ያን ቀን የበላችው እሱን ነዋ። ለአራስ የምታበስለው እናት ወይም አማት ናት። ዎልሱን ሁለቱም የሏትም። ስለዚህ ዕድሜዬን ሁሉ ጀልባ ስጠግን የኖርኩ፣ ድስት ነክቼ የማላውቅ እኔ፣ ጆንያዬን ይዤ ገበያ ወጣሁ።

ሚዮክ ነጋዴዋ የዶልሱ እናት ሸቀጧን እንደ አጥር ደርድራ ተቀምጣለች። ጥርሷ አልቋል፣ ምላሷ ግን አላለቀም።

«ለምንድነው የምትፈልገው?» አለችኝ።

«ዝም ብለው ይስጡኝ።»

«ዝም ብሎ የሚሰጥ የለኝም። ለልደት ቀን ከሆነ ሰብሬ እሰጥሃለሁ። ለአራስ ከሆነ አይሰበርም፣ አይታጠፍም። ሚዮኳ የታጠፈባት ምጥ ይከብዳታል። የቱ ነው?»

ዓሣ የሚመርጡት ሴቶች እጃቸው ዓሣው ላይ፣ ጆሯቸው እኔ ላይ ሆነ። ጆንያውን አየሁት። ልጄን በጆንያ ከትቼ የያዝኳት መሰለኝ፤ በራሴ አፈርኩ።

«ለአራስ ነው» አልኩ። «ለልጄ ለዎልሱን።»

«ጮክ በል፣ ጆሮዬ ደክሟል።»

ጆሮዋ ምንም አልሆነም፤ ማዶ የሚታማውን እዚህ ሆና ትሰማለች። ቢሆንም ጮክ አልኩላት። ገበያው ሁሉ ሰማ።

«እንዲህ አትልም ከመጀመሪያው» አለችና ጎንበስ ብላ መምረጥ ጀመረች። «እየው፣ ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጨውን ነው የምትይዘው። መሐሉ ወፈር ያለውን። ቢጫ ቢጫ ያለውን ለሞኝ ተወው።»

የጠራችውን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ። በአራስ ሚዮክ ዋጋ የሚከራከር ከሕፃኑ ዕድሜ ይቀንሳል ይባላል። በሚስማር ዋጋ እንኳ ከሰው የምጣላ ሰው እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ከፍዬ አላውቅም። እሷም በሣር ገመድ አሰረችልኝና ምክሯን አስከተለች።

«ቢላ አይንካው፣ በእጅህ ቅደደው። በሰሊጥ ዘይት ጠበስ ጠበስ አድርገህ ውሃ ጨምርበትና መረቁ እስኪነጣ ይፍላ። ጨው እንዳታበዛ ደግሞ፤ የአራስ ሾርባ ጨው አይወድም።»

ጆንያውን ለእሷ ትቼላት ሚዮኩን በትከሻዬ ተሸክሜ በዋናው መንገድ ሄድኩ። በባሕሩ ዳር አቋራጭ ነበር፤ በወንድሜ ደጅ ግን አያሳልፍም።

ቻንግሾብ ደጁ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ጆንያው የታለ?»

«አይታጠፍም፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ በጓሮ ዙር።»

«ረጅም ነው። በጓሮ አያልፍም።»

አለፍኩት። 

ብዙ ሳይቆይ ዎልሱን ሴት ልጅ ወለደች። አዋላጇ «በል አሁን ያንተ ተራ ነው» ብላ ወደ ማድቤት ገፋችኝ። የዶልሱን እናት ያልጠየቅኋት አንድ ነገር ነበር፤ ምን ያህል እንደሚዘፈዘፍ። ደርቆ ሳየው ጥቂት ነገር መስሎኝ በሙሉ ዘፈዘፍኩት። እንጨት ፈልጬ ስመለስ ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣ ከገንዳው ተርፎ መሬት ላይ ተዘርግቷል። በባልዲ ቀነስኩለት፣ ባልዲውንም ሞላ። የሩዝ ማጠቢያውን፣ የእግር መታጠቢያውን ሳይቀር አመጣሁ። ምራቁን የዋጠ ሰው የሚሠራው ሥራ አልነበረም።

ዎልሱን በበሩ ስንጥቅ አየችኝና ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ወር ሆኖኝ ነበር።

«አባባ፣ መንደሩን በሙሉ ሊያበሉ ነው?»

እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። «አዎ» አልኳት።

ለለቅሶና ለሠርግ የሚወጣውን ብረት ድስት ጣድኩ። በእጄ ቀደድኩ፣ ጠበስኩ፣ አፈላሁ። ጨው እንደተባልኩት ቆንጠር አደረግሁ። መጀመሪያ ለልጄ ሰጠሁ፤ ላብ እስኪያጠምቃት ጠጣችው። ከዚያ ሳህን እየሞላሁ በየበሩ ዞርኩ። «ዎልሱን ሴት ልጅ ወልዳለች። ስሟ ዳንቢ ነው። ብሉ።» አፋቸውን ከፍተው የቀሩ ነበሩ። ሳህኑን ያልተቀበለ ግን አልነበረም፤ የአራስ ሾርባ እምቢ ማለት ነውር ነዋ። የወንድሜን ድርሻ ለሚስቱ ሰጠኋት።

በማግስቱ ቻንግሾብ መነጽር ያደረገች የከተማ ሴት አስከትሎ መጣ። ደጃፌ ላይ ቆሜ መግቢያ ከለከልኳቸው። እየተጨቃጨቅን ጎረቤቶቼ ሳህን ለመመለስ ከተፍ አሉ። ሳህን ባዶውን አይመለስምና አንዷ እንቁላል፣ አንዷ ሩዝ፣ ሌላዋ ለሽንት ጨርቅ የሚሆን ያረጀ ጥጥ አምጥታለች።

«የዳንቢ እናት እንዴት አደረች?» አለች ባለ እንቁላሏ።

የከተማዋ ሴት ወደ ወንድሜ ዞረች። «ማንም አያውቅም፣ እናቲቱም ፈቅዳለች ብለውኝ አልነበር?»

«አልፈቀድኩም» አለች ዎልሱን ከውስጥ። በዚህኛው ጊዜ ግን የሰማት ብዙ ነበር። ሴትየዋ ቦርሳዋን አንግታ ሄደች።

«አዋረድከኝ» አለኝ ቻንግሾብ።

«ጋሼ፣ እናታችን እርስዎን የወለደች ቀን ይህንኑ ሾርባ ነው የበላችው። ሾርባው አባቱ ማነው ብሎ አይጠይቅም። ዳንቢ በተወለደችበት ቀን በየዓመቱ አንድ ሳህን ይመጣልዎታል። ካሻዎት ይድፉት።»

ከዚያን ዕለት ወዲህ ደጃፌን ዳግመኛ አልረገጠም። እኔም ቃሌን አላጠፍኩም፤ ዓመት በመጣ ቁጥር ላክሁ። ሳህኑ ታጥቦ ባዶውን ይመለሳል፣ እንቁላል የለ፣ ቃል የለ። ሲበላው ያየ የለም፣ ሲደፋው ያየም የለም።

ዘንድሮ ዳንቢ አድጋለችና «እኔ ላድርስ» አለች። እናቷ ፈራች። እኔ ግን ሳህኑን አስያዝኳት። ቆይታ ባዶ ሳህን ይዛ ተመለሰች።

«ምን አለሽ?»

«ቁጭ በይ አሉኝ። ጨርሰው በሉና 'በየዓመቱ ጨው ያንሰዋል፣ ለአያትሽ ንገሪው' አሉኝ።»

ዎልሱን ሽርጧን ፊቷ ላይ አደረገች። 

«ተመለሺና ንገሪልኝ» አልኳት ዳንቢን። «የአራስ ሾርባ ነው፣ ጨው አልጨምርም። ጨው የሚፈልግ ሰው ቤታችን መጥቶ በራሱ እጅ ይጨምር።»