ናኦድ የጠፋበት ማውጫ

ብርቅነሽ ከሐጃ ወንበር አጠገብ ተቀምጣ የሰማችውን በስልኳ ስትጽፍ ከንፈሯም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሐጃ የማዳሟ እናት ናቸው። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ጃብሪያ በሚባለው የዐረብ አገር ሰፈር ካለው ቤት ብዙም አይወጡም፤ የብርቅነሽ ሥራ እሳቸውን ማንሳት፣ ማስቀመጥና ማጫወት ነው። እጇ ቢያዝ እንኳ ጆሮዋ ነጻ ነው።

ያን ጆሮ የሚሞላው ፍቼ ያለው ቤተሰብ ነው። ልጇ ሰናይት ቮይስ ስትልክ ማሳጠር አታውቅም። በዘይት መወደድ ጀምራ፣ በጎረቤት ሠርግ አልፋ፣ መሐል ላይ ዶሮ አባርራ፣ "ቆይ፣ ምን ልልሽ ነበር?" ብላ ትዘጋዋለች። የሰናይት ወንድም ቸርነት ደግሞ ወሬው ከሳሉ አይለይም።

ይህን ሁሉ የሰናይት ልጅ የምሥራች ልትሰማው አትችልም። እሷም እዚያው አገር፣ ሻርቅ የሚባል ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ የሰው ሕፃን ታሳድጋለች። ማዳሟ ስልኳን የምትሰጣት ሕፃኑ ሲተኛ ነው፤ ያኔ ደግሞ ድምፅ ማሰማት የለም። ስልኩም አሮጌ ነው፣ ጥቂት ቮይስ ሲገባበት ሞላሁ ይላል።

መላውን ያመጣችው ራሷ የምሥራች ናት። ከመምጣቷ በፊት ኮሌጅ ገብታ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ተምራለች።

"እምዬ፣ ቮይሱ ላንቺ ይምጣ፤ አንቺ ስሚና አጠቃለሽ ጻፊልኝ" አለቻት። "ነገሩ ስለ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደደረሰ፣ በመጨረሻ ምን እንደተባለ። ከራስሽ አትጨምሪ። ከሥሩ ማውጫ አድርጊልኝ፤ የሰውም የነገርም ስም በፊደል ተራ፣ የትኛው ቮይስ ላይ እንዳለ ከነቁጥሩ። መስማት የምፈልገውን እጠይቅሻለሁ።"

ስምንተኛ ክፍል ላይ ላቆመች ሴት ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያውን ስትልክ ማለቂያው ላይ "ኤሲው ይበርዳል፣ ሹራብ ልበሺ" የሚል ነበረበት።

"ይሄ ከቮይሱ ነው ካንቺ?"

"ከእኔ ነው።"

"አውጪው።"

አወጣችው።

በማውጫው ብዙውን ቦታ የሚይዘው ናኦድ ነበር፤ የምሥራች ለእናቷ ትታው የመጣችው የአራት ዓመት ልጇ። ናኦድ፣ ስለ ኳስ። ናኦድ፣ ስለ ድመቷ። ጥርስ፦ ናኦድን ተመልከት።

አንድ ሰኞ ሰናይት እያለቀሰች ላከች። ናኦድ ከኮክ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል፤ ሐኪም ጀሶ አድርጎለታል። ብርቅነሽ ደግማ ሰማችው። የምሥራች ሕፃን ታቅፋ ስታነባ ታያት። ያቺ ማዳም የምታለቅስ ሠራተኛ አትወድም፤ ከእሷ በፊት የነበረችውን ወደ መክተብ፣ ወዳስቀጠራት ቢሮ፣ የመለሰቻት በዚሁ ነው። ስለዚህ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ሠርጉና ስለ ሳሉ ጻፈች። ከዚያ በኋላ የመጡትን የናኦድን ቮይሶችም ተወቻቸው፤ ልጁ ከክንዱ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ሐሙስ ከሰዓት የምሥራች ደወለች። በሹክሹክታ ነው የምትናገረው።

"እምዬ፣ ናኦድ የት አለ?"

"እንዴት ዋልሽ አይባልም?"

"እንዴት ዋልሽ። ናኦድ የት አለ? ማውጫሽ ከቸርነት ቀጥታ እድር ውስጥ ይገባል። መሐሉ የልጄ ቦታ ነበር።"

"ተኝቶ ነው።"

"ሳምንቱን ሙሉ?"

"ልጅ አይደል እንዴ።"

ድምፅዋ ቀጠነ። "እምዬ፣ ሞቷል?"

ብርቅነሽ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ይህ በሐሳቧም አልመጣም ነበር። "ኧረ በስመ አብ! ክንዱ ነው። ከኮክ ዛፍ ወድቆ ተሰበረ፤ ጀሶ ታስሮለታል። ይበላል፣ ይጫወታል፣ እናትሽን ያደክማታል።"



"ለምን ደበቅሽኝ?"

"ከራስሽ አትጨምሪ አልሽኝ፣ አልጨመርኩም። መቀነሱን አልከለከልሽኝም።"

"እኔ አገሬን የምሰማው ባንቺ ጆሮ ነው። አሁን ዘይት ተወደደ ስትይኝ፣ ማን ሞቶ ይሆን እላለሁ። በቃ፣ ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።" ሕፃኑ ሲያለቅስ ተሰማ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ሐጃ ከወንበራቸው ሆነው ያዩዋት ነበር። "ምን ሆንሽ?" አሏት በዐረቢኛ። ነገረቻቸው።

"ልጄም እንዳንቺው ናት" አሉ ሐጃ ጉልበታቸውን እያሻሹ። "ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ብትነግረኝ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።"

ብርቅነሽ ትራሳቸውን አስተካከለች፣ ሻይ ቀዳችላቸው፣ ተመልሳም ተቀመጠች። አትጻፊ ተብላለች፤ ዝም ብትል ግን ያው እንደ ቅድሙ መደበቅ ነው። የተወቻቸውን ቮይሶች ከመጀመሪያው ጀምራ ሰማች። ሦስተኛው ላይ ናኦድ እናቱን ሲጠራ ጣቷ ቆመ። ይህን እንኳ ብተወውስ? አልተወችውም። ጽፋ ላከችው፦

ብርቅነሽ፣ ጭንቀቷ፦ ናኦድን ተመልከት።
ናኦድ፣ ክንዱ መሰበሩ 1፤ ማልቀሱ 1፤ በጀሶው መኩራቱ 2፤ "እማዬ ትምጣ" ማለቱ 3።
ኮክ፦ ናኦድን ተመልከት።
ዛፍ፦ ናኦድን ተመልከት።

ያን ቀን መልስ አልመጣም። ሐጃን ስታበላ ማንኪያውን ይዛ ስልኩን ስለምታይ፣ ሐጃ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቋት ነበር።

በማግሥቱ ሕፃኑ በሚተኛበት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። "ሦስትን ላኪልኝ። እሱን አልቅሼ ስጨርስ ሁለትን። ሕፃኑ እስኪነቃ እጨርሳለሁ።"

ሦስትን ላከች። ጠበቀች፤ ትንሽ ቆይታ ሁለትን ላከች። እዚያ ላይ ናኦድ፣ "እጄ ድንጋይ ሆኗል፣ ከእንግዲህ ማንም አይመታኝም፤ አጎቴ ቸርነትም ይፈራኛል" ይላል፤ ከኋላው የቸርነት ሳል ይሰማል።

የምሥራች ጻፈች፦ "አስቂኝ ልጅ። እምዬ፣ 'ብርቅነሽ፣ ጭንቀቷ' የሚለው የትኛው ቮይስ ላይ ነው?"

"የትኛውም ላይ የለም። ከእኔ ነው። ላውጣው?"

"ተይው። እሱንም እያወቅኩት ይሻለኛል።"

ብርቅነሽ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ፊደሉን በጣቷ እየቆጠረች፣ ከ"ብርቅነሽ" በላይ ባለው ባዶ ቦታ አንድ መስመር አስገባችና ማውጫውን እንደገና ላከችው፦

ሹራብ፦ ብርቅነሽን ተመልከት።